ብድሩ አምስት ዓመት፣ ጨረታው አንድ ዓመት

እሷ የኬሚካል ኢንጂነር ናት፤ የከብት መኖ ማቀነባበሪያ ትመራለች። እሳቸው የሥራ ዘመናቸውን በባንክ የብድር ክፍል ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። የአባቷ ባልንጀራ ስለሆኑ «ጋሼ» ትላቸዋለች። የያዘችው ዕቅድ ሦስት ፋብሪካዎችን ያገናኛል። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላ፣ ጎረቤቱ የፌሮ ፋብሪካ በጭስ ማውጫው በከንቱ በሚለቀው ሙቀት አድርቃ መኖ ልታደርገው ትፈልጋለች። ባንኩ ግን አልተቀበላትም።

እሳቸው፦ የባንኩን መልስ እንዳለ ንገሪኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።

እሷ፦ መጀመሪያ «ሐሳቡ ግሩም ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ማስያዣሽ ምንድን ነው?» አለ። ማድረቂያ ማሽኑ ነው አልኩት። «የት ይተከላል?» ፌሮ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ከምድጃው ጎን። «ግቢው የማን ነው?» የእነሱ። «ጥሬ ዕቃውስ?» የቢራ ፋብሪካው። «ሙቀቱስ?» እሱም የፌሮው። «ታዲያ ያንቺ የቱ ነው?» ብሎኝ ሳቀ።

እሳቸው፦ መሳቁ ነውር ነው። ጥያቄው ግን ልክ ነው። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ብሆን ያንኑ እጠይቅሽ ነበር።

እሷ፦ እርስዎም ከእነሱ ወገን ነዎት ማለት ነው?

እሳቸው፦ እንጀራዬን የበላሁበት ወገን ነው፣ አልክድም። ዛሬ ግን አንቺን ልሰማ ነው የተቀመጥኩት። እስቲ ሥራውን ራሱን አስረጂኝ። አተላው ምን ያህል ነው?

እሷ፦ ከአንድ ሄክቶ ሊትር ቢራ፣ ማለት ከመቶ ሊትር፣ 20 ኪሎ ገደማ እርጥብ አተላ ይወጣል። በዓመት አንድ ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር የሚጠምቅ ፋብሪካ 20 ሺህ ቶን አተላ አለው ማለት ነው። አሁን የሚሆነውን ያውቁታል። የወተት ላም ያላቸው ሰዎች አይሱዙ ይዘው ይመጣሉ፣ እርጥቡን እንዳለ ይጭናሉ፣ መንገዱን ሙሉ ውሃው እየተንጠባጠበ ይሄዳል። ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነው፤ ያ ሁሉ ነዳጅ የሚቃጠለው ውሃ ለማመላለስ ነው። በዚያ ላይ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል፤ ስለዚህ ራቅ ያለ አርቢ አይደርሰውም።

እሳቸው፦ ቢደርቅስ?

እሷ፦ አንድ ቶን እርጥብ አተላ ደርቆ ሩብ ቶን ገደማ ይሆናል። በጆንያ ይገባል፣ ወራት ይቀመጣል፣ የፈለጉበት ይጫናል። ግማሽ ያህሉን ውሃ መጭመቂያ ያወጣዋል፣ የቀረው የሚወጣው በሙቀት ነው። ወጪው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ናፍጣ ካቃጠልኩ ትርፉን ናፍጣው ይበላዋል። የፌሮ ምድጃው የታየኝ ለዚህ ነው። ጭሱን ግን በቀጥታ አልጠቀምበትም። ከባድ ነዳጅ የሚያቃጥል ምድጃ ጭሱ ጥላሸትና ድኝ አለበት፣ መኖ አያስነካም። በመሐል የሙቀት ማስተላለፊያ ይገባል። ጭሱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ንጹሕ አየር በውጭ በኩል ይሞቃል፣ አተላውን የሚያደርቀው ያ አየር ነው።

እሳቸው፦ ከመጭመቂያው የሚወጣው ጭማቂስ የት ይሄዳል?

እሷ፦ ይሄን ባንኩ አልጠየቀኝም!

እሳቸው፦ ቢጠይቅሽ ደስ ባለኝ።

እሷ፦ ጭማቂው ወንዝ ከገባ አሣውን ይጨርሳል። መጭመቂያው ስለዚህ ቢራ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ይሆናል፣ ጭማቂው ወደ እነሱ ፍሳሽ ማጣሪያ ይገባል። ከግቢው የሚወጣው የተጨመቀው ብቻ ነው።

እሳቸው፦ ጎሽ። ይህንን በውሉ ላይ ጻፊው፣ በቃል እንዳይቀር። አሁን አንድ ነገር ልበልሽ። አተላ ለከብት መስጠት አዲስ አይደለም። አርሲ ነገሌ ብትሄጂ ካቲካላ የሚያወጡት ሴቶች አተላውን ለሚደልብ ከብት ነው የሚሰጡት፤ አረቄውም ይሸጣል፣ በሬውም ይሸጣል። ዘይት ጨማቂው ፋጉሎውን፣ ዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካውን ሲሸጥ ኖሯል። ለዚህ ሁሉ ባንክ ደጅ የጠና የለም። ለምን ይመስልሻል?

እሷ፦ ገዢው ጆንያውን ይዞ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ስለሚመጣ ነዋ።

እሳቸው፦ ሌላም አለ። በሻጭና በገዢ መሐል የሚቆም ዕቃ የለም። ፋጉሎ ዛሬ ቢጠፋ ገዢው ነገ ፉርሽካ ይገዛል፣ የሚከስር ነገር የለም። ያንቺ ጉዳይ ግን መሐሉ ላይ ብረት አለበት። ያ ብረት የሚሠራው አተላውም ሙቀቱም እስካሉ ድረስ ነው። አንዱ በቀረ ቀን ማድረቂያሽን የሚገዛው ቁራሌው ነው። ባንኩን ያስፈራው ይሄ ነው እንጂ ስለ አተላው አልተጨነቀም።

እሷ፦ ታዲያ ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ካሉንድቦርግ ተምረን ነበር። ዴንማርክ ውስጥ፣ ከኮፐንሃገን በስተምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ነዳጅ ማጣሪያው ጋዙን ለጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካው ይሰጥ ነበር፣ ኃይል ማመንጫው እንፋሎቱን ለማጣሪያውና ለኢንሱሊን ፋብሪካው ይሸጣል፣ የተረፈው ሙቀት የከተማውን ቤቶች ያሞቃል። መምህራችን ሲሥለው ሰሌዳው በቀስት ተሞልቶ ነበር።

እሳቸው፦ ቀስቱን ተዪው። ቧንቧውን ማን ከፈለ?

እሷ፦ እሱን ክፍል ውስጥ አልነገሩንም፣ በኋላ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያው ቧንቧ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1961፣ የተዘረጋው ለውሃ ነበር። የከርሰ ምድሩን ውሃ ላለመጨረስ ማጣሪያው ከቲሶ ሐይቅ ውሃ እንዲመጣለት ተፈለገ። ቧንቧውን የዘረጋው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ማጣሪያው።

እሳቸው፦ እዚህ ላይ ቆም በይ። መንገድ ቆፍሮ፣ የሰው አጥር አስነስቶ ማለፍ የሚችለው ማዘጋጃ ቤት ነው። ገንዘቡ ያለው ደግሞ ማጣሪያው ዘንድ ነው። እያንዳንዱ በእጁ ያለውን አመጣ ማለት ነው። እሺ፣ ቀጥይ።

እሷ፦ በ1972 የጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካው ማጣሪያው ዝም ብሎ ያቃጥለው የነበረውን ጋዝ መውሰድ ጀመረ። በ1976 ኖቮ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከፋብሪካው የሚወጣውን ዝቃጭ ለገበሬዎች ማዳበሪያ እንዲሆን መስጠት ጀመረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኃይል ማመንጫው ሙቀትና እንፋሎት መሸጥ ተጀመረ። ሁሉም ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የተዋዋሉት፣ የጋራ ካዝና አልነበራቸውም። ነገሩ ስም የወጣለት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሁሉን በአንድ ላይ የሚያይ ተቋም የቆመው ደግሞ በ1996፣ ከመጀመሪያው ቧንቧ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ።

እሳቸው፦ እኛ ብንሆን ተቋሙን አስቀድመን፣ ቦርድ ሰይመን፣ ቧንቧውን እንረሳው ነበር። ጂፕሰሙስ? ቅድም ጂፕሰም ያልሽ መሰለኝ።

እሷ፦ እሱ በ1993 የመጣ ነው። ኃይል ማመንጫው ከጭሱ ላይ ድኝ የሚያስወግድ መሣሪያ ተከለ፣ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ድኙ በኖራ ድንጋይ ሲያዝ የሚወጣው ጂፕሰም ነው። የሰሌዳ ፋብሪካው ከዚያ በፊት ከስፔን ያስመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ከጎረቤቱ ወሰደ።

እሳቸው፦ የመቶ ሚሊዮን ዶላሩን መሣሪያ ጂፕሰም ሸጦ ነው የከፈለው?

እሷ፦ አይደለም። ድኙን መቀነስ በሕግ ግዴታው ነበር። ጂፕሰሙ በዚያ ላይ የመጣ ነው።

እሳቸው፦ ስለዚህ ትልቁን ገንዘብ ያስወጣው ሕጉ ነው። ጎረቤታሞቹ የተደራደሩት በትርፍራፊው ላይ ነው። ሕጉ እኛም ጋ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ግን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ከሁሉም የሚረክስ እስከሆነ ድረስ ስለ ማድረቂያ ብሎ ባንክ የሚሄድ ባለፋብሪካ አታገኚም። አቃቂ ወንዝ ድልድዩ ላይ ቆመሽ ብታዪው ማን ምን እየቆጠበ እንደሆነ ይገባሻል።

እሷ፦ ቢሆንም የዴንማርኮቹ ትርፍ ትንሽ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወጣው ስሌት፣ ለትስስሮቹ በጠቅላላ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ በዓመት 15 ሚሊዮን ያህል ይቆጠብ ነበር። የድኝ ማስወገጃው እዚህ ውስጥ የለም፤ ቢኖርማ ቁጥሩ አይገጥምም።

እሳቸው፦ ወጪው በአምስት ዓመት ይመለሳል ማለት ነው። አሁን የእኔን የሙያ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ያንን 75 ሚሊዮን በማን ስም ተበደሩት?

እሷ፦ በየራሳቸው ይመስለኛል። ሁሉም ትልልቅ ናቸው።

እሳቸው፦ ይኸው ነው ነገሩ። ነዳጅ ማጣሪያ፣ ኃይል ማመንጫ፣ ዓለም ያወቀው የመድኃኒት ኩባንያ። ቧንቧው በራሱ ስም አልተበደረም። ቢከሽፍ አበዳሪው ቧንቧ ሲነቅል አይውልም፤ ማጣሪያውን ነው የሚጠይቀው። አንቺ ግን ቧንቧውን ብቻ ይዘሽ ባንክ ገባሽ። ከሦስታችሁ ባንክ የሚያውቀው ስም ያለው ማነው?

እሷ፦ ቢራ ፋብሪካው። ጠይቄያቸዋለሁ። ለእነሱ አተላ ጠዋት ከግቢ መውጣት ያለበት ነገር ነው፤ ማጠራቀሚያው ከሞላ ጠመቃው ይቆማል። ሽርክናውን አልፈለጉትም። ዋስም አይሆኑም። በየዓመቱ ጨረታ ያወጣሉ፣ ያሸነፈ ያነሣል።

እሳቸው፦ በየዓመቱ?

እሷ፦ በየዓመቱ።

እሳቸው፦ እንግዲህ የባንኩን እምቢታ አሁን አገኘነው። ቅድም ማስያዣ ምናምን ያለሽ ምክንያቱ እሱ አልነበረም፣ ወይም እሱ ብቻ አልነበረም። ብድርሽ አምስት ዓመት ነው፣ ጥሬ ዕቃሽ አንድ ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ነጋዴ በኪሎ አምስት ሳንቲም ጨምሮ ቢያሸንፍሽ፣ ማድረቂያውና አራት ዓመት ዕዳ አንቺ ጋ ይቀራሉ፣ አተላው እሱ ጋ ይሄዳል። ይህንን የትኛውም የብድር ኮሚቴ ያየዋል። አፍ አውጥቶ አይነግርሽም እንጂ።

እሷ፦ የረጅም ጊዜ ውል ጠይቄያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ጥሩ ነው፣ «ባደርገው ደስ ይለኛል፣ ኦዲተር መጥቶ ለምን በርካሽ ለአምስት ዓመት ሰጠህ ሲለኝ ምን እመልሳለሁ?» አለኝ።

እሳቸው፦ እውነቱን ነው። ጨረታ ሰውየውን ከሐሜት ያድነዋል። አምስት ዓመት በአንድ ዋጋ ልሽጥልሽ ቢል እብድ ነው፤ ቆሻሻ ገዢ ሲያገኝ ዋጋው ይነሣል። ስለዚህ ዋጋ ይዘሽ አትሂጂ። ቀመር ይዘሽ ሂጂ። የአተላው ዋጋ የፉርሽካ የገበያ ዋጋ ይህን ያህል እጅ ነው በዪ። ፉርሽካ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፣ በየሦስት ወሩ ይታያል። ኦዲተሩ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ የሚያሳየው ወረቀት አለው።

እሷ፦ ጨረታውስ?

እሳቸው፦ ጨረታው ይውጣ! አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ዓመት፣ በቀመሩ ላይ። ተወዳዳሪው የሚወዳደረው በብር ሳይሆን ከፉርሽካው ዋጋ በሚያቀርበው እጅ ይሆናል። ደርቆ መውጣት አለበት የሚል ቅድመ ሁኔታ ቢያስገቡልሽ ደግሞ አይሱዙ ይዞ የሚመጣው ሁሉ አይወዳደርሽም። ስለ አይሱዙዎቹ አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው፤ ከከተማው ዳር ሦስት አራት ላም ያላት ሴት በእርጥቡ አተላ ነው የምትኖረው። ከጠቅላላው የተወሰነው ለእነሱ ይቀመጥ ብትይ ውሉም ይከብራል፣ መንደሩም አይጣላሽም።

እሷ፦ መጠኑንስ? ቢራው ካልተሸጠ አተላ የለም።

እሳቸው፦ አነስተኛ መጠን ይጻፋል። እነሱ ከዚያ ቢያጎድሉ የብድሩን ክፍያ የሚሸፍን ካሳ ይከፍላሉ። አንቺም ብትሆኚ ወሰድሽም አልወሰድሽም ለዚያ መጠን ትከፍያለሽ፤ አተላው ግቢያቸው ውስጥ መሻገት የለበትማ። ሁለታችሁም ትንሽ ካልፈራችሁ ባንኩ አይጽናናም። አንድ አንቀጽ ደግሞ አለ፣ ጠበቃሽ ይረሳዋል፦ አንቺ ብትወድቂ ባንኩ ውሉን ለሌላ ሠሪ ማስተላለፍ እንዲችል ቢራ ፋብሪካው አስቀድሞ ይስማማ። ያኔ ማድረቂያው ለቁራሌ አይሄድም፤ ሌላ ሰው ያንኑ አተላ እያደረቀ ዕዳሽን ይከፍላል። ባንክ የሚይዘው እሱን ነው። ያንቺ የቱ ነው ላለሽ ሰውዬ መልሱ ይሄ ነበር፦ የእኔ ውሉ ነው።

እሷ፦ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ደኅና ነው፣ ግን የራሳችንን ነገር ደግሞ አይርሱት። ሞላሰስን ይመልከቱ። ጥሬ ዕቃውም ፋብሪካውም የአንድ ባለቤት፣ የመንግሥት። ፊንጫ ላይ፣ ከዚያም መተሐራ ላይ ከሞላሰስ ኢታኖል ወጣ። በፈረንጅ በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑ አምስት በመቶ ኢታኖል ተቀላቀለበት፣ በ2011 አሥር በመቶ ሆነ። በኋላ ተቋረጠ። ውል እና ጨረታ አልነበረበትም እኮ።

እሳቸው፦ ጥሩ ነገር አነሣሽ። እዚያ የተረጋገጠው በዚህኛው ጫፍ ያለው ነው፤ ሞላሰሱ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው፣ የኢታኖሉ ዋጋና መጠን ግን በየጊዜው የሚወሰን ነበር። ሞላሰስ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው፤ አረቄ ፋብሪካው ይፈልገዋል፣ አድላቢው ይፈልገዋል። ስኳር ፋብሪካው በወጉ ካልፈጨ ደግሞ እሱም ያንሳል።

እሷ፦ በዚያ ላይ ቪናሱ አለ። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲወጣ አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ቡናማ ፍሳሽ ይወጣል። ቆሻሻ መልሶ መጠቀም ሌላ ቆሻሻ ይወልዳል፤ ሰው ይህንን አያወራውም።

እሳቸው፦ ቅድም ጭማቂውን የጠየቅኩሽ ለምን ይመስልሻል?

እሷ፦ እሺ። ወደ ማስያዣው ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1147። ማሽን፣ ክምችት፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሳይቀር ማስያዝ ይቻላል። መዝገቡም ብሔራዊ ባንክ ጋ አለ። ይህንን ለባንኩ ስነግረው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

እሳቸው፦ ሰምቷል። ሕጉን ከአንቺ በላይ ያውቀዋል። ግን ቅጹ ላይ የሚፈርመው በራሱ ስም ነው። ሕንጻ ይዞ ያበደረ ሰው ብድሩ ቢበላሽ «ሕንጻው አለ» ይላል፤ ማድረቂያ ይዞ ያበደረ ሰው ቢበላሽበት ግን ማን ይሰማዋል? አዋጅ ሰውን ከግምገማ አያድንም። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ አደረገ፤ በኋላ ከፍ ቢያደርገውም ልማዱ ገብቷል። ኮታ ሲጠብ ባንክ የሚያውቀውን ደንበኛ ያስቀድማል፤ አስመጪውን፣ ሕንጻ ያለውን። አንቺ መጨረሻ ነሽ።

እሷ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

እሳቸው፦ ዕቃውን ለያዪው። ሁሉንም ለአንድ አበዳሪ አታቅርቢ። የማድረቂያው ከበሮ፣ መጭመቂያው፣ ማጓጓዣው፤ እነዚህ ይነቀላሉ፣ ይሸጣሉ። በካፒታል ዕቃ ኪራይ ይሂዱ። ዕዳሽን እስክትጨርሺ ባለቤቱ አከራዩ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ማስያዣ ያን ያህል አይጨቀጭቅሽም። ግን ልብ በዪ፣ ማሽኑን ኮንክሪት ውስጥ እንዳትቀብሪው። በብሎን ይታሰር፣ ፕሌት ላይ ይቁም። ከመሬቱ ጋር አንድ የሆነ ዕቃ የባለመሬቱ ነው፤ በብሎን የታሰረ ግን ፈትተሽ የምትወስጂው ነው። ፎርማኑ «ኮንክሪት ይሻላል፣ አይንቀጠቀጥም» ይልሻል። አትስሚው።

እሷ፦ መንቀጥቀጡ እውነት ነው። የላስቲክ ድጋፍ እናስገባበታለን። ከምድጃው ጋር የሚያያዘው ማስተላለፊያስ? እሱ አይነቀልም።

እሳቸው፦ እሱን ፌሮው ይሥራው። ግድግዳው ላይ የሚቀር ነገር ነው፣ አንቺ ብትሄጂም ለእሱ ይጠቅማል፤ ወደ ምድጃው የሚገባውን አየር ቀድሞ ሊያሞቅበት ይችላል።

እሷ፦ ልክ ነዎት፣ ነዳጅ ይቆጥብለታል። ግን ሦስት ቦታ ለይቼ መለመኑ አድካሚ ነው። እኔ ያሰብኩት የጋራ ፈንድ ነበር። በዞኑ ያሉ ፋብሪካዎች እያዋጡ፣ መንግሥት ጨምሮበት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ከዚያ የሚበደሩበት። እንግሊዞች እኮ አድርገውታል። ቆሻሻ ወደ ማጠራቀሚያ ሲጣል በቶን የሚከፈል ግብር በፈረንጅ ከ1996 ጀምሮ ነበራቸው፤ ከዚያ ገንዘብ ከ2005 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ፋብሪካ ከፋብሪካ የሚያገናኝ ፕሮግራም አቆሙ። ኮሪያም በዚያው ዓመት ጀምራ ኡልሳንን በመሳሰሉ የኢንዱስትሪ ከተሞች ጥናቱን መንግሥት ይከፍል ነበር።

እሳቸው፦ ምን ከፈሉበት? ቧንቧ?

እሷ፦ አይደለም… ጥናቱንና የሚያገናኙትን ባለሙያዎች። ቧንቧውን ባለፋብሪካዎቹ።

እሳቸው፦ እንግዲያው ተስማማን። የደላላውንና የጥናቱን ወጪ መንግሥት ይሸፍን፣ ምክንያቱም ለመተዋወቅ የሚከፍል ነጋዴ የለም። ቧንቧውን ግን የሚጠቀመው ይክፈል። ሁሉም ያዋጣው፣ ጥቂቱ የሚበደረው ፈንድ መጨረሻው ጥል ነው።

እሷ፦ አልስማማም። በፈረንጅ በ2016 የተከፈተው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ማጣሪያው የጋራ ነው። አንዱ ጨርቅ ፋብሪካ ለብቻው ያንን አይተክለውም፤ ውሃውን አጣርቶ መልሶ መጠቀም የተቻለው የጋራ ስለሆነ ነው። ሞጆ ያሉትን ቆዳ ፋብሪካዎች ይዩ። የጋራ ማጣሪያ ያለው የቆዳ ከተማ ለዓመታት ሲታቀድ ቆይቷል፣ የቆዳ ማልፊያውን ክሮም ግን እስካሁን ወንዙ ነው የሚያውቀው። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተዋዋሉ ቢባሉ ሞጆ ላይ ምን ይሠራል? አንዱ የሌላውን ክሮም አይፈልገውም።

እሳቸው፦ … እሺ። እዚያ ላይ እውነት አለሽ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቆሻሻ ሲኖራቸው፣ የሚለዋወጡት ሳይኖር የሚያጣሩት ብቻ ሲኖር፣ የጋራ ነው የሚሻለው። ሐዋሳ ላይ ግን መንግሥት ነው አስቀድሞ የሠራው፤ ተከራዮቹ ኋላ መጥተው እየተጠቀሙ ይከፍላሉ። አሮጌ ፋብሪካዎችን ሰብስቦ አዋጡ ማለት ሌላ ነው። አንዱ ሁልጊዜ «እኔ ትንሽ ነው የምለቀው» ይላል።

እሷ፦ ቆጣሪ ይተከልበታ።

እሳቸው፦ ቆጣሪውን ማን ያነባል የሚለው ላይ ሁለት ዓመት ይጣላሉ። ተዪው፣ ያንቺ ጉዳይ ሞጆ አይደለም። ያንቺ ልውውጥ ነው። ወደ ሙቀቱ እንመለስ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የፌሮው ሰውዬ ሙቀቱን በስንት ነው የሚሰጥሽ?

እሷ፦ በነፃ! ከዕቅዱ ሁሉ የሚጥመኝ እሱ ነው። «የምጥለውን ጭስ አልሸጥም፣ ውሰጂው» አለኝ።

እሳቸው፦ ምድጃው በሳምንት ስንት ቀን ይነዳል?

እሷ፦ ሲሠራ ቀን ከሌሊት ነው። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ጥሬ ብረቱ ሲዘገይ፣ ወይም መብራት ሲሄድ ግን ይቆማል። ባለፈው ዓመት ሳምንታት የቆመበት ጊዜ አለ።

እሳቸው፦ ቢራው በዚያን ጊዜ ይቆማል?

እሷ፦ አይቆምም። አተላው በየቀኑ ይመጣል። ለዚያ ቀን የቡና ገለባ የሚያቃጥል ምድጃ በተጠባባቂነት አስቤያለሁ። የገለባው ዋጋ ግን ትርፌን ይነካዋል።

እሳቸው፦ ስለዚህ በነፃ መውሰድሽ ነው ችግሩ። በነፃ የሚሰጥ ሰው ግዴታ የለበትም። ነገ ቻይና የሠራው አዲስ ምድጃ አምጥቶ ጭሱን ለራሱ ቢጠቀምበት «ምን አጎደልኩብሽ?» ይልሻል። ካሉንድቦርግ ያለው ኃይል ማመንጫ እንኳ ከድንጋይ ከሰል ወደ እንጨት ዞሯል፤ ከሰሉ ሲቀር አመዱና ጂፕሰሙም አብረው ይቀራሉ። ጎረቤት ይለወጣል። የማትከፍይውን ሙቀት ባንኩም በዕቅድሽ ላይ አይቆጥረውም። ክፈይው።

እሷ፦ በነፃ ልስጥሽ ያለኝን ሰው ልክፈል?

እሳቸው፦ ከቡና ገለባው ዋጋ በታች፣ ከዜሮ በላይ የሆነ ነገር። መሐሉን እናንተው ተደራደሩ። በምላሹ በዓመት ይህን ያህል ሰዓት ሙቀት አቀርባለሁ ብሎ ይፈርም፣ ምድጃውን ሊለውጥ ሲያስብ ከዓመት በፊት ያሳውቅ፣ ከሰዓቱ ያጎደለውን ደግሞ የገለባውን ልዩነት እሱ ይክፈል።

እሷ፦ ጥሬ ብረት የሚያጣው በእሱ ጥፋት አይደለም። የገለባ ክፈል ስለው አይፈርምም።

እሳቸው፦ ግማሹን ይፈርማል?

እሷ፦ ግማሹን… ምናልባት። መብራት የሄደበትን ሰዓት ካወጣንለት።

እሳቸው፦ አውጪለት። ጥሬ ብረት ያለቀበትን ግን አታውጪ፤ ያንን አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከተስማማ ሁለቱን ውሎች አምጪልኝ፣ የብድር ማመልከቻውን እኔ ራሴ አየዋለሁ።

እሷ፦ በዚያ ላይ ካልተስማማስ?

እሳቸው፦ መጭመቂያውን ብቻ ትገዢያለሽ፣ በራስሽ ገንዘብ። ግማሹን ውሃ አውጥተሽ፣ ለአይሱዙዎቹ ትሸጫለሽ።